ወረቀቱ ጠፋ፤ ስሙ ግን ተመዝግቧል

ዋሽንግተን ዲሲን ሊጎበኝ የመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ሊንከን መታሰቢያና ወደ ካፒቶል ነው። በዚህ አካባቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ግን ከእነዚህ ይልቅ ደጋግመን የረገጥናት አንዲት መንገድ አለች። ስሟ ኢንተርናሽናል ድራይቭ ይባላል። በምድር ባቡር ቀዩን መስመር ይዞ ቫን ነስ በሚባለው ጣቢያ የወረደ ሰው፣ የዩኒቨርሲቲውን ሕንፃዎች አልፎ ጥቂት ከተራመደ ይደርስባታል። በቁጥር 3506 የኢትዮጵያ ኤምባሲ አለ። በዚያው መንገድ ዮርዳኖስ፣ ባንግላዴሽ፣ ጋናና እስራኤል ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ግብፅና ናይጄሪያም ከዚያ አይርቁም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2ን ለልጆች የሚያስተምር ሰው አንድ ቀን ወደዚህ መንገድ ይዟቸው ቢመጣ የአሕዛቡን ዝርዝር በቀላሉ ያስረዳቸዋል ብዬ አስባለሁ።

ሥፍራው የራሱ ታሪክ አለው። ቀድሞ የአሜሪካ መንግሥት የሚዛንና የልኬት መሥሪያ ቤት የነበረበት መሬት ነው። ኪሎው ኪሎ፣ ሜትሩም ሜትር መሆኑ የሚረጋገጠው በዚህ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ወደ ሜሪላንድ ጌይተርስበርግ ሲዛወር፣ በ1968 በወጣ ሕግ መሠረት ከመሬቱ ከፊሉ ለኤምባሲዎች መሥሪያ ተመደበ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ በዚያ የሚመዘነው ሌላ ነገር ነው፤ ሰው ማንነቱን የሚያስረዳበት ወረቀት።

ባለቤቴ መጋቢ በመሆኑ፣ እኔም ከእህቶች ጋር ስለማገለግል፣ ወደዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ ሰው ይዤ ሄጃለሁ። አንዱ ውክልና ሊሰጥ፣ ሌላዋ ለልጇ ቢጫ ካርድ ልታወጣ ይሄዳሉ። እነዚህ በፈገግታ የሚሄዱ ናቸው። ፓስፖርት የጠፋበት ሰው ግን ከሩቅ ይታወቃል። በእጁ የፖሊስ ሪፖርት ይዟል፤ የሚናገረውም በሹክሹክታ ነው።

ከእነዚህ መካከል የአንዲት እህትን ጉዳይ በፈቃዷ እጽፋለሁ። እርሷና ባለቤቷ ታክስ ሊያሠሩ በወጡበት ቀን መኪናቸውን አንድ የገበያ አዳራሽ ፊት ለፊት አቁመው ለልጃቸው ጫማ ሊገዙ ገቡ። ሲመለሱ መስተዋቱ ተሰብሯል፤ ከኋላ ወንበር ላይ የነበረችው አነስተኛ ሳምሶናይት የለችም። በሳምሶናይቷ ውስጥ የሁለቱም የኢትዮጵያ ፓስፖርት፣ የሁለቱም ግሪን ካርድ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዶች፣ እዚህ የተወለደው ልጃቸው የአሜሪካ ፓስፖርት፣ የጋብቻ ማስረጃቸውና የእርሷ የልደት ማስረጃ ነበሩ። ባለቤቷ ጠንቃቃ ሰው ነውና የቤቱን ወረቀት ሁሉ በአንድ ቦታ ሰብስቦ ቆልፎ ይይዝ ነበር። ሌባውም ሁሉንም በአንድ ቦታ አገኘው።

ከሦስት ቀን በፊት ደግሞ እናቷ ደሴ ላይ ታመው ሆስፒታል መግባታቸውን ሰምታ፣ ለመሄድ ፈቃድ ጠይቃ ነበር።

በማግሥቱ ሦስታችን ወደ ኤምባሲው ስንሄድ እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። እርሷ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣ «ቁጥሬን እንኳ አላውቀውም» አለች። ግሪን ካርድ ላይ የሚጻፈውን፣ ሕዝባችን «ኤ ነምበር» የሚለውን ማለቷ ነው። እርሱም «እኔ አውቀው ነበር፤ ካርዱ ላይ ነበር» አለ። ከዚያ በኋላ እስከ ኮኔቲከት ጎዳና ድረስ ማንም አልተናገረም። እኔም ብዙ ባልና ሚስት አማክሬአለሁና እንዲህ ባለ ሰዓት የሚሰጥ ምክር እንደማይጠቅም አውቃለሁ፤ ዝም አልኩ።

በመጨረሻ እርሷ ወደ እኔ ዞራ፣ «እትዬ፣ እንግዲህ ሕገወጥ ሆንኩ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ይህን ጥያቄ ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። ካርዱ የጠፋበት ሰው ፈቃዱ የጠፋበት ይመስለዋል። ስለዚህ ይደበቃል፤ ሥራ መሄድ ይተዋል፤ ለማመልከትም ይፈራል። ያወቅኋት አንዲት እህት ካርዷ ከጠፋ በኋላ ለወራት ለማንም ሳትናገር ኖራለች። ውድ አንባቢ፣ ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ግሪን ካርድ በአሜሪካ የቋሚ ነዋሪነት ማስረጃ ነው እንጂ ነዋሪነቱ ራሱ አይደለም። ነዋሪነቱ በመንግሥቱ መዝገብ በስምና በቁጥር ተጽፎ ይገኛል። ሌባ የሚሰርቀው ካርዱን ነው፤ መዝገቡን አይሰርቅም። ያም ሆኖ ሕጉ 18 ዓመት የሞላው የውጭ ዜጋ ሁሉ ማስረጃውን ዘወትር ይዞ እንዲንቀሳቀስ ያዛል። ስለዚህ ጠፋ ብሎ መቀመጥም አይገባም።

በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16ንና 22ን ስንማር፣ ጳውሎስ ሮማዊ ነኝ ባለ ጊዜ ምን አሳይቶ አመኑት የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። በዚያ ዘመን የሮም ዜጋ ልጅ ሲወለድ በመዝገብ ይጻፍ ነበር፤ ቤተሰቡም በእንጨት ሰሌዳ ላይ ግልባጩን ሊያወጣ ይችል ነበር። ይሁን እንጂ በፊልጵስዩስ ተገርፎ በወህኒ የተጣለ ሰው ሰሌዳ በኪሱ ይኖረዋል ማለት ያስቸግራል። ገዢዎቹ ቃሉን ሰምተው የፈሩት፣ ቃሉ በመዝገብ ሊረጋገጥ የሚችል በመሆኑና በሐሰት የሚናገርም ጽኑ ቅጣት የሚጠብቀው በመሆኑ ነበር። ታሪክ ጸሐፊው ስዌቶኒየስ ንጉሠ ነገሥት ቀላውዴዎስ ያለ አግባብ ሮማዊ ነኝ ያሉትን በሞት እንደቀጣ ጽፏል።

ይህን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። ዛሬም በአሜሪካ ሕግ ዜጋ ሳይሆኑ «ዜጋ ነኝ» ማለት ከባድ ነገር ነው። ሰውየውን ከአገር እስከ ማስወጣትና ለዘለቄታው መግቢያ እስከ መከልከል ያደርሳል። ወረቀቱ የጠፋበት ሰው ደግሞ በዚህ ፈተና የሚወድቀው ሳያስበው ነው። መንጃ ፈቃዱን ሊያስተካ ሲሄድ በዚያው ፎርም ላይ «በመራጭነት መመዝገብ ይፈልጋሉ ወይ?» የሚል ጥያቄ አብሮ ይመጣል፤ ይህ ከ1993 ጀምሮ በወጣ ሕግ በብዙ ግዛቶች የተለመደ ነው። ወገናችን እንግሊዝኛውን በቅጡ ሳያነብ «አዎ» ብሎ ይፈርማል። ለግሪን ካርድ ባለቤት መልሱ «አይ» ነው። ወረቀቴ ጠፍቷል ማለት ምንም ክፉ ነገር የለበትም፤ ያልሆኑትን ነኝ ማለት ግን አለበት።

ወደ እህታችን ልመለስ። የመጀመሪያው ሥራ ፖሊስ ጣቢያ ነበር፤ እርሱን መስተዋቱ በተሰበረበት ቀን ጨርሰውታል። የሪፖርቱ ቁጥር በኋላ በየቦታው ተጠየቀ፤ ስለዚህ የጠፋውን ዕቃ አንድ በአንድ ማስመዝገብ ይገባል። «ሳምሶናይት ተሰረቀ» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ሪፖርት ስለ ፓስፖርት ምንም አይመሰክርም። የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ምትኩ በነጻ ይሰጣል፤ ነገር ግን በዓመት ከሦስት፣ በዕድሜ ልክ ከአሥር በላይ አይገኝም። ቁጥሩ በሌባ እጅ ስለገባ ግን ከካርዱ ይልቅ የሚያሳስበው በስማቸው ብድር እንዳይወሰድ ነበር። ስለዚህ ባለቤቷ በዚያው ምሽት በኢኩፋክስ፣ በኤክስፔሪያንና በትራንስዩኒየን የብድር ታሪካቸውን አሳገደ። ይህ ከ2018 ጀምሮ ያለ ክፍያ ይደረጋል። የልጁንም ፓስፖርት መጥፋት ወዲያው አስታወቁ። ዕድሜው ከ16 በታች ስለሆነ አዲሱን ለማውጣት ሁለቱም ወላጆች አብረው መቅረብ ነበረባቸው።

ለግሪን ካርድ የሚሞላው ማመልከቻ አይ-90 ይባላል። በ2024 ኤፕሪል በወጣው ተመን በኦንላይን ለሚያመለክት 415፣ በወረቀት ለሚያመለክት 465 ዶላር ተደርጎ ነበር። ተመን ይለወጣልና ከመክፈል በፊት የመሥሪያ ቤቱን ገጽ ማየት ያስፈልጋል። ቀድሞ «መኒ ኦርደር ግዙ» እየተባልን እንመከር ነበር። ይህ ምክር አሁን አይሠራም፤ ከ2025 ኦክቶበር 28 ወዲህ የኢሚግሬሽን አገልግሎቱ በወረቀት ለሚላክ ማመልከቻ በጥቂት ሁኔታዎች ካልሆነ በቀር ቼክና መኒ ኦርደር አይቀበልም፤ የሚከፈለው በካርድ ወይም ከባንክ ሒሳብ በቀጥታ ነው። ፎርሙ ራሱ ግን ነጻ ነው። «ፎርም አገኝልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሰው በቤተ ክርስቲያን ደጅም ቢቆም አትስሙት። ጠበቃ ወይም በመንግሥት ዕውቅና የተሰጠው ወኪል ያልሆነ ሰው በእናንተ ጉዳይ ላይ የሕግ ምክር ሊሸጥላችሁ አይችልም።

አዲሱ ካርድ ጊዜ ይወስዳል። ካርዱ ጊዜው አልፎበት የሚያሳድስ ሰው የማመልከቻውን ደረሰኝ ከአሮጌው ካርድ ጋር ይዞ ይንቀሳቀሳል። የጠፋበት ሰው ግን አሮጌ ካርድ የለውም። ለእርሱ የሚደረግለት ጊዜያዊ ማህተም ነው። ወደ አገልግሎቱ ስልክ ተደውሎ ጉዳዩ ይነገራል፤ አስቸኳይ ከሆነም ቀጠሮ ይሰጣል። ማህተሙ በፓስፖርቱ ላይ ይመታል፤ ከ2023 ወዲህም ፎቶ ባለበት ወረቀት ላይ ታትሞ በፖስታ ለአንዳንዶች የሚላክበት አሠራር አለ። እህታችን ስለ እናቷ ሕመም የሚገልጽ የሆስፒታል ደብዳቤ ከደሴ አስልካ አስተረጎመችና ቀጠሮ አገኘች። ችግሩ ሌላ ነበር፤ ማህተሙ ተገኝቶም ቢሆን ፓስፖርት ከሌለ ጉዞ የለም።

እዚህ ላይ ነው ብዙዎች «ሊሴ ፓሴ አውጥቼ ልሂድ» የሚሉት። ሊሴ ፓሴ ወደ አገር መግቢያ ነው፤ መመለሻ አይደለም። እናቱ የታመመችበት ሰው ይህን መስማት አይፈልግም። ቢሆንም ልጅና ባል እዚህ ላለው ሰው አዲስ ፓስፖርት መጠበቁ ይሻላል ብዬ መከርኳት፤ እርሷም አለቀሰች፤ ግን ጠበቀች። ለጠፋ ፓስፖርት በአብዛኛው የሚጠየቀው የፖሊስ ሪፖርት፣ የአሮጌው ፓስፖርት ግልባጭ፣ ፎቶግራፍ፣ አሻራና የመኖሪያ ማስረጃ ነው። ግልባጩ ከሌለ ሥራው ይረዝማል። የእርሷ ግልባጭ ከየት እንደተገኘ ብነግራችሁ ደስ ይለኛል። ከስድስት ዓመት በፊት ወደዚህ ስትመጣ ትኬት የቆረጠላት ወንድሟ በኢሜይል ተልኮለት የነበረውን ፎቶ አልሰረዘውም ነበር።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በጥገኝነት የመጣ ሰው ፓስፖርቱ ሲጠፋ እንደ ሌላው ዘሎ ወደ አገሩ ኤምባሲ መሄድ የለበትም። ከመንግሥቱ ፈርቼ ሸሸሁ ያለ ሰው የዚያን መንግሥት ፓስፖርት ቢያወጣ ጉዳዩ ሊጠየቅበት ይችላል። ለእርሱ የአሜሪካ መንግሥት ራሱ የሚሰጠው የስደተኛ የጉዞ ሰነድ አለ። መጀመሪያ ጠበቃ ያማክር። ዜግነት የወሰደ ሰው ደግሞ በ2003 በወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ መሠረት ኢትዮጵያዊ ዜግነቱ ስለሚቀር፣ የሚያስተካው ፓስፖርት የአሜሪካውን ነው፤ በአገሩ በኩል የሚያወጣው ቢጫ ካርዱን ነው።

እየጠበቅን ሳለ ሁለቱ ባልና ሚስት አንድ ማታ ቤታችን ለራት መጡ። ሽሮ እየበላን እርሱ ራሱ ነገሩን አነሣው። «እኔ የቆለፍኩት ለእርሷ ብዬ ነው፤ እርስዎ ያውቁኛል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ መልካም ባል ነው። እርሷ ግን ቀስ ብላ፣ «እንዳይጠፋ ቆለፍከው፤ እኔም እንዳላገኘው ቆለፍከው» አለችው። ባለቤቴ እንጀራውን አስቀመጠ። እርሱም ሚስቱን ትክ ብሎ አያት፤ ቁልፉ የት እንደነበር እንኳ ነግሯት እንደማያውቅ ያስታወሰ ይመስለኛል።

ባሎች እንድትቆጡኝ አልፈልግም፤ ግን በግልጽ ልናገር። በወረቀቱ ላይ ስሟ የተጻፈው ሴት የወረቀቱ ባለቤት ናት። በአንድ ሥጋ መሆን ሁለት ፓስፖርት አንድ አያደርግም። ከጋብቻ ሁለት ዓመት ሳይሞላ በባሏ በኩል ግሪን ካርድ ያገኘች ሚስት የሚሰጣት ካርድ ለሁለት ዓመት ብቻ የሚያገለግል ነው። ጊዜው ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ባልና ሚስት በአንድነት ሌላ ማመልከቻ ማስገባት አለባቸው። ካርዱን አይታው የማታውቅ ሚስት ይህን ቀን እንዴት ታውቃለች? በየጉባኤያችን እንዲህ ያለች ሴት የለችም የሚል መጋቢ ካለ፣ ሚስቱ እህቶችን ትጠይቅለት። ካርዷ ሲጠፋ አይ-90ን ለመሙላት የባል ፊርማ አይጠየቅም፤ የራሷ ፊርማ ይበቃል። የሚበድላት ባል ያላትም ብትሆን ሕጉ ያለ እርሱ ፊርማ ብቻዋን የምታመለክትበትን መንገድ አበጅቷል።

የወረቀት መያዝ ነገር ወዴት እንደሚያደርስ ከእኛ ይልቅ በዓረብ አገር ያሉ እህቶቻችን ያውቃሉ። በ2020 የሊባኖስ ኢኮኖሚ በወደቀ ጊዜ በቤይሩት አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ እያወረዱ ትተዋቸው ሄዱ። ብዙዎቹ ፓስፖርታቸው በአሠሪያቸው እጅ ነበር። እነርሱ ወረቀት አልጠፋባቸውም፤ ተወስዶባቸው ነው። በአሜሪካ ከ2000 ጀምሮ ሰውን በግዳጅ ለማሠራት ብሎ ፓስፖርቱን መያዝ የፌደራል ወንጀል ነው።

ለእረፍት አገር ቤት ሄደው እዚያ የሚጠፋባቸውም አሉ። አዲስ አበባ ላይ ግሪን ካርዱ የጠፋበት ሰው ወደ አየር መንገዱ ቢሄድ አያሳፍረውም። ከአሜሪካ ከወጣ አንድ ዓመት ካልሞላው አይ-131ኤ የሚባለውን ማመልከቻ ክፍያውን በኦንላይን ፈጽሞ በእንጦጦ መንገድ ላለው የአሜሪካ ኤምባሲ ያቀርባል፤ ከተፈቀደለትም የመሳፈሪያ ፈቃድ በፓስፖርቱ ላይ ይለጠፍለታል። ስለዚህ ከመነሣታችን በፊት የካርዱን የፊትና የጀርባ ፎቶ ለአንድ የታመነ ሰው መላክ ብዙ ቀን ያድናል።

የልደት ማስረጃዋ ከሁሉም በላይ ጊዜ ወሰደ። በኤምባሲው ፊት ለወንድሟ ውክልና ፈረመች። ውክልናው አዲስ አበባ ደርሶ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል አልፎ ወደ ደሴ ሄደ። ወንድሟ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ አወጣው። ሲደርስ ሌላ ነገር ገጠመን። ስሟ «ጸ» የምትባለው ፊደል ያለችበት ነው። በቀድሞው ፓስፖርቷና በግሪን ካርዷ በቲና በኤስ ተጽፏል፤ በአዲሱ ትርጉም ግን በቲና በዜድ መጣ። በአማርኛ አንድ የሆነው ስም በእንግሊዝኛ ሁለት ሰው ሆነ። አስተርጓሚው እንዲያርመው ተመልሶ ተላከ። ፓስፖርቱ በዚያ መልክ ቢታተም ኖሮ ከካርዷ ጋር አይስማማም፤ ሌላ ክፍያና ሌላ ጥበቃ ይሆን ነበር።

ፓስፖርቱ በፖስታ የመጣ ቀን ባለቤቷ ፖስታውን ሳይከፍት ሰጣት። እርሷም የድሮውን ግልባጭ ጎን አድርጋ ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም ፊደል በፊደል አነበበች፤ ልጇም ከአጠገቧ ቆሞ አብሯት ይቆጥር ነበር። ልክ ነበር። በማግሥቱ ማህተሟን አስመታች፤ ለሐሙስ ትኬት ቆረጠች። ደሴ ስትደርስ እናቷ ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው ነበሩ፤ በከዘራ ተደግፈው እስከ በሩ መጥተው ተቀበሏት።